እግሬን ታውቀዋለች

ኩኩዬ፣ እንዴት ከርመሻል?

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት የሕፃናት አእምሮ ተመራማሪ ናት፤ ትናንት ሥራዋን ላሳይህ ብላ ወሰደችኝ። ገና አንገቷ ያልጠና ሕፃን እናቷ እቅፍ ውስጥ ለጥ ብላለች፤ ሽቦ የተያያዘበት ኮፍያ አጥልቀውላታል። ድምፅ ማጉያው «ባ፣ ባ፣ ባ» ይላል። ድንገት «ዳ» ሲል ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም፤ ስክሪኑ ላይ የአእምሮዋን ሥራ የሚያሳየው መስመር ግን ዘለለ።

«ተኝታም ለውጡን ትለየዋለች፤ እያደገች ስትሄድ ደግሞ ይበልጥ አጥርታ ትለያለች» አለችኝ ተመራማሪዋ።

አንቺ ትዝ አልሽኝ! ሕፃን ሳለሽ እማዬ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ፣ አንቺ ከሥሩ ድብን ያለ እንቅልፍሽን ትተኛለሽ። አክስታችን ተክታት የረገጠች እንደሆነ ግን ቤቱን በለቅሶ ታቀልጪዋለሽ። ጎረቤቱ «ሞልቃቃ» ሲልሽ እማዬ፣ «ተዉአት፣ እግሬን ታውቀዋለች» ትል ነበር። ለካ እውነቷን ኖሯል። ምነው በኖረችና በነገርኳት!

የምጽፍበት ካርድ ጠበበኝ። አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ባልሽንም ሰላም በይልኝ። የእማዬን መኪና ለማንም እንዳትሰጪ። ማሙሽን ከሥሩ አስተኚውና አንቺ ርገጪ፤ ለአያቱ እግር ባይደርስም ያንቺን ይወቅ።

ወንድምሽ