ማሚቱን ቤት ያዋልኩባቸው ቀናት

ሐሙስ

ምሳ ዕቃውን እንዳለ መለሱልኝ። ክዳኑም አልተከፈተም። የእስር ቤቱ በር ላይ ያለው ዘበኛ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ስንቅ እንዳታመጪ» አለኝ። ወዴት ወሰዳችሁት አላልኩም። ከእኔ በፊት ይህ ቃል የተነገራቸውን እናቶች እዚያው በር ላይ አይቻለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ልጄ ሞቷል። ሬሳውን አይሰጡም። መጠየቅም አይቻልም።

ከእስር ቤቱ እስከ ቤቴ በጋሪ መጣሁ መሰለኝ። በእግሬም ይሆናል። አላስታውስም።

በሩን ዘጋሁና ደረቴን መታሁ። አፌን በነጠላዬ ይዤ «ልጄን፣ ልጄን» አልኩ። ትንሿ ልጄ ማሚቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበር። ሁለት ዓመት አልፏታል። አባቷ ገና ሳትወለድ ነው የሞተው። ያሳደጋት ይኸው ወንድሟ ነው ብል ውሸት አይሆንም፤ ከትምህርት ቤት መጥቶ የሚያጎርሳት እሱ ነበር፣ እኔ ገበያ ስለምውል። «ጋሼ» ነው የምትለው።

ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ጥበቃ ሽፈራው መጣ። በፊት ጋሪ ነጂ ነበር፤ ሽንኩርቴን ስንቴ አመላልሶልኛል። ሳይቀመጥ ተናገረ። «እትዬ፣ ለፀረ አብዮት ማልቀስ ክልክል ነው። ድንኳን የለም፣ ጥቁር የለም፣ ለቅሶ ደራሽ የለም። ይህ ከተጣሰ እርስዎም ይታሰራሉ፣ እኔም እጠየቃለሁ።» እሺ አልኩት። ሌላ ምን ይባላል።

እሱ ሲወጣ ማሚቱ በሁለት እጇ ደረቷን ትመታ ነበር። ልክ እንደ እኔ። ያያት አይመስለኝም።

ዓርብ

ማሚቱ ከቤት መውጣት የለባትም። ግቢው የብዙ ሰው ነው፣ ቧንቧው አንድ ነው፣ እሷ ደግሞ የሁሉንም በር ታንኳኳለች። አንዱ ቤት ገብታ ደረቷን ብትመታስ? እኔ ብታሰር ለማን ትቀራለች? የአባቷም የእኔም ወገን የለም። ሌላው ሁሉ ቀርቶብኝ ይህን ብቻ ነው የማስበው።

ጠዋት ባቄላና ሽምብራ ቀላቅዬ በሰፌድ ሰጠኋት። ለዪልኝ አልኳት። ትንሽ ለየች። ከዚያ አንዱን ሽምብራ አፍንጫዋ ውስጥ ከተተች። ሌላኛውን ቀዳዳ ይዤ አናፈጥኳትና ወጣ። ሰፌዱን ሰቀልኩ።

ቀጥሎ ሳፋ ላይ ውኃ አድርጌ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ሰጠኋት። ትቀዳለች፣ ታፈሳለች። ልብሷ ራሰ፣ ቀየርኩላት፣ ደግሞ ራሰ። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ሲሚንቶው ላይ መሳል ጀመረች። ሙቀቱ ወዲያው ያደርቀዋል፤ ሲጠፋባት እንደገና ትስላለች። ይህ እስከ ምሳ አቆያት።

ቤት ውስጥ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ነው የምለብሰው፣ ጥለቱን ወደ አንገቴ አዙሬ። ለልጄ ያደረግሁለት ሐዘን ይኸው ብቻ ነው። ውኃ ልቀዳ ስወጣ አስተካክለዋለሁ።

ቅዳሜ

ገበያ አልወጣሁም። ከመቂ የመጣልኝ ሽንኩርት በጆንያ እንዳለ ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ይበስብስ።

አዴ ጫልቱ መጡ። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፣ ሻይ ቤት አላቸው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሁሉን ሰምተዋል፤ ግን ስለ ልጁ አንድም ቃል አልተናገሩም።

«ልጅቷን ምን ሆነች ብለሽ ነው የዘጋሽባት?»

«ትኩሳት አላት» አልኳቸው።

ግንባሯን ዳሰሱ። ምንም የለውም። «አዎ፣ ትኩሳት አላት» አሉ።

ፊቴን ሲያዩ ሽንኩርት ነው ልላቸው አሰብኩ። ዕድሜዋን ሙሉ ሽንኩርት የሸጠች ሴት ሽንኩርት አስለቀሰኝ ብትል ማን ያምናታል?

ተመልሰው አንድ ኩባያ ሙሉ የለስላሳ ቆርኪ ይዘው መጡ። በምስማር በስተን፣ ማሚቱ በሲባጎ ሰካችው። አሥሬ ይወድቅባታል፣ አሥሬ ታነሳዋለች። ሲያልቅ አዴ ጫልቱ አንገቷ ላይ አሰሩላትና፣ «በሉ ቁሙ፣ ጓድ ማሚቱ ሜዳልያ ተሸለሙ» አሉ። ሳቅኩ። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ልጄ የት እንደተጣለ እንኳ ሳላውቅ ሳቅኩ።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ሰው ፊት ማልቀሴ አይቀርም።

ማሚቱ ዛሬ የራሷን ጨዋታ አመጣች። የበቆሎ ቆረቆንዳ አጋደመች። በጨርቅ ሸፈነችው። አጠገቡ ተቀመጠችና ደረቷን እየመታች «ልጄን፣ ልጄን» አለች። ድምፁ የእኔ ነው።

ነጠቅኳት። ጮኸች። እጇን መታኋት። የበለጠ ስትጮህ ጎረቤት እንዳይሰማ ብዬ መለስኩላት። እሷ ለቆረቆንዳዋ ስታለቅስ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ አየኋት። በዚህ ቤት ለልጄ በወጉ ያለቀሰችለት እሷ ብቻ ናት።

ያቆያት ነገር፦ ውኃ ከሁሉ ይበልጣል። ቆርኪም ደህና ነው። በወንበርና በጆንያ የሠራሁላት ቤትም፣ እኔም አብሬያት እስከገባሁ ድረስ። ሽንኩርት መላጥ ትወዳለች፣ ግን ዓይኗን ታሻለች። ያላቆያት፦ ተረት። «ጋሼ ይንገረኝ» ትላለች።

እሷን ሳጫውት እሱን ትንሽ እረሳዋለሁ። ከዚያ ሲመለስብኝ እንደ መጀመሪያው ቀን ነው። መኖሬ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ለእሷ ነው እላለሁ፤ ግን እንደ ግዴታ ነው የምለው።

ሰኞ

ምሳዋን ላሞቅ ከሰል እያራገብኩ ነበር። የበሩን መወርወሪያ ዘግቻለሁ ብዬ ነበር። ዞር ስል የለችም።

ቧንቧው ጋ አገኘኋት፣ ወረፋ የያዙት ሴቶች መሐል። ቆረቆንዳዋን እርጥቡ መሬት ላይ አጋድማ ደረቷን ትመታለች። «ልጄን፣ ልጄን።» ሴቶቹ ሁሉ መቅዳት ትተው ያዩዋታል። ሮጬ አነሳኋት።

ቀና ስል ሽፈራው የግቢው በር ላይ ቆሟል። የሚያየው እሷን አይደለም፣ ትከሻዬን ነው። ነጠላዬን ሳላስተካክል ነው የወጣሁት።

«እትዬ፣ ለማን ነው ያዘቀዘቁት?»

ማሚቱን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኳት።

አዴ ጫልቱ ባልዲያቸውን አስቀመጡ። «ለእኔ ነው። አቦምሳ ያለችው አክስቴ አርፋ አሁን ነው የተረዳሁት። ጎረቤቴ አብራኝ ብታዝን አንተ ምን ቆረጠህ?»

«መቼ አረፉ?»

«ለለቅሶም ፈቃድ ይቆረጣል እንዴ? አንተን ጋሪ ስትነዳ ዱቤ ሻይ ያጠጣሁ ሴት ነኝ። ሂድና ወንበር አምጣልኝ።»

ይህን ብለው ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ኡኡ አሉ።

አክስታቸው ያረፉት ባለፈው ክረምት ነው። ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ ያን ጊዜ ዳቦ አዋጥተን አዴ ጫልቱን ለቅሶ ሸኝተናቸዋል። ወረፋ የያዙት ሴቶች ተያዩ። ከዚያ አንዷ ነጠላዋን አወረደችና አዘቀዘቀች። ቀጥሎ ሌላዋ። ከዚያ ሁሉም።

ሽፈራው ሴቶቹን በተራ አየ። «ነፍስ ይማር። ነገ እደርሳለሁ» አለና ሄደ። ለለቅሶው ይሁን ለእኔ አልገባኝም።

ማክሰኞ

አዴ ጫልቱ ቤት ተለቀሰ። አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ ሴቱ ምንጣፍ ላይ፣ ወንዱ በበሩ በኩል። ስገባ ጎትተው አጠገባቸው አስቀመጡኝና በጆሮዬ፣ «ቦኢ፣ አልቅሺ። ቤቱ የእኔ ነው፣ ሐዘኑ ያንቺ ነው» አሉኝ።

አለቀስኩ። ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። አይቻቸው ለማላውቅ አሮጊት እንዲህ የማለቅስ ሴት እንደሌለች እዚያ ያለው ሁሉ ያውቃል። ማሚቱ ጭኔ ላይ ሆና ደረቷን መታች፤ ተይ ያላት የለም።

ሽፈራው መጣ። ወንዶቹ ጋ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

ከዚያ የነፍስ አባቴ ገቡ። የአዴ ጫልቱም የነፍስ አባት ናቸው። ጸሎት ሊያደርጉ ቆመው የሟችን የክርስትና ስም ጠየቁ።

አዴ ጫልቱ፣ «አባቴ፣ እኔን ሐዘን አስረሳኝ። የማሚቱ እናት ታውቀዋለች» አሉ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የአክስታቸውን የክርስትና ስም አላውቅም። የማውቀው አንድ ስም ነው።

«ወልደ ሩፋኤል» አልኩ።

ቀበሌ ይህን ስም አያውቀውም። ግን የሴት ስም እንዳልሆነ ልጅም ያውቃል። ማንም ቀና አላለም። አባ ወደ እኔ አዩ። ልጁን ራሳቸው ናቸው ያጠመቁት። ከዚያ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ጀመሩ፤ ስሙ ጋ ሲደርሱም አልፈጠኑም፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አላደረጉም።

ሽፈራው ጸሎቱ እስኪያልቅ አልተነሳም። ሲያልቅ ኮፍያውን አደረገና ወደ እኔ ዞሮ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ። ያጽናችሁ አላለም። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ወጣ።

ረቡዕ

እስካሁን ማንም አልመጣም። መኪና በመጣ ቁጥር ማሚቱን እይዛለሁ። ሽፈራው ተናግሮ ይሆናል፣ ላይናገርም ይችላል። ነገ የበሰበሰውን ሽንኩርት ጥዬ የተረፈውን ገበያ እወስዳለሁ፤ ልጅቷ መብላት አለባት።

ልቤ አልቀለለም። ካለቀስኩ ቀለል ይላል ብለውኝ ነበር። ዛሬም ሳፋው አጠገብ ተቀምጬ ውኃ ስታፈስ እያየሁ ነው የዋልኩት፤ መነሳት አቅቶኝ።

መቃብር የለውም፣ ሰው የሚቆምበት ድንጋይ የለውም። ይህን የምታነቡ፣ ማንም ሁኑ፣ የቤት ስሙን አልነግራችሁም። ስትጸልዩ ወልደ ሩፋኤል በሉ። ገና ተማሪ ነበር፣ እህቱን የሚያጎርስ። ወልደ ሩፋኤልን አምላክ በቀኙ ያቁምልኝ በሉልኝ።