ወተት ለበረዶ

አርቪድ ወዳጄ፣
ግራ ገብቶኛል። እኛ ሚኔሶታ በረዶ እስከ ጉልበታችን እየዋጠን ሥራ እንገባለን፤ እዚህ ባደግሁበት አላባማ ሁለት ጣት ቢወርድ አገር ተዘጋ! ትናንት እኮ በሸሚዝ በረንዳ ላይ ነበርኩ። አክስቴ ሎቲ ግን ሙቀቱን ጠርጥራ፣ "ከባሕሩ እርጥበት፣ ከሰሜን ብርድ እየመጣ ነው፤ እኛ ጣራ ላይ ሊገናኙ ነው" አለችና ሰው ከሚጋፋበት ሱቅ ወተት ገዝታ ተመለሰች። "ይሄ ሁሉ ፍርሃት ለበረዶ?" ብዬ ሳቅሁባት።

ዛሬ ጠዋት ከግቢው ንጹሑን በረዶ ዝቃ መጣችና እንደ አይስክሬም በወተትና በስኳር አማሰለችው።

"ማን ፈራ፣ አንተ ሞኝ? አሥራ አንድ ዓመት ስጠብቀው ነበር! ያኔ የወረደ ጊዜ ከአጎትህ ጋር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ጨርሰናል።"

ለሁለታችን ሦስት ሳህን ቀዳች። ሦስተኛውን አጎቴ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ፊት አኖረችው።

ካርዱ ሞላብኝ። ባለቤትህን ሲግሪድን ሳምልኝ፤ የደጄን በረዶ የምትጠርግልኝን ልጅህንም። አክስቴ "ቶሎ ብላ፣ ይቀልጥብሃል!" እያለች ነው። ለእኔ ይሁን ለእሱ እንጃ።

ዱዊ