ያልሰማሁት ኮርኖ

ውድ ወልዴ፣

ከተለየኸኝ ሠላሳ ዓመት አለፈ። በሰው ፊት አንቱ እያልኩህ፣ በራችንን ስንዘጋ ደግሞ አንተ እያልኩህ ነበር የኖርነው። ዛሬም በሩን ዘግቼ ነው የምጽፍልህ።

መጀመሪያ የቤታችንን ነገር ልንገርህ። ኮልፌ ያኔ የምታውቃት አይደለችም። ከደጃችን ፊት የነበረው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ መንገድ ወጥቶበታል፤ አውቶቡስ ያልፍበታል። የሣር ክዳኑን በቆርቆሮ አስለውጫለሁ። ዝናብ ሲጥል ስለሚጮህ ሬዲዮ አያሰማም እንጂ ደኅና ነው። በእቅፍ የተውካት ልጃችን ዘነበች ነርስ ሆናለች፤ ትዳር ይዛ ከእኔ ሁለት ቤት አልፋ ትኖራለች። እኔም ባለፈው ዓመት ከማስተማር በጡረታ ወጣሁ። አሁንም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለብሼ እቀመጣለሁ፤ የምሄድበት ግን የለም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ሙሴ ሃጎፕ ነው፤ ቫዮሊን ይጫወት የነበረው አርመኑ ወዳጅህ። ባለፈው ወር በከዘራ እየተደገፈ ቤቴን አፈላልጎ መጣና ስለዚያ እሑድ አወራኝ። እሱ ከሄደ ወዲህ ነገሩን በቅደም ተከተል ልጽፍ እየሞከርኩ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ጣሊያን ከተማዋን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ነበር። ትነፋበት የነበረው የማርሽ ባንድ ከተበተነ በኋላ ኮርኖህን፣ ያን እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ መለከት፣ በብርድ ልብስ ሸፍነህ አልጋ ሥር አስቀመጥከውና እንጨት መሸጫ ቤት ገባህ። ሙሴ ሃጎፕ አንድ ቀን መጥቶ፣ ከሮም እንግዳ የኦርኬስትራ መሪ እንደሚመጣ፣ አንዲት ሶፕራኖ፣ ቀጭን ድምፅ ያላት ዘፋኝ፣ አብራው እንደምትመጣ፣ ከኮርኖ ነፊዎቹ አንዱ ግን ወባ ይዞት እንደተኛ ነገረህ። ካንተ በቀር የሚተካው አልተገኘም ነበር።

«ለእነሱ ልትነፋላቸው ነው?» አልኩህ።

«ለእነሱ አይደለም» አልከኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሜዳ ላይ ቆሜ ማርሽ ስነፋ ኖርኩ። አርባ ሰው አንድ ላይ ሲጫወት መሀሉ መቀመጥ ምን እንደሚመስል አንድ ቀን ልየው።»

እሺም እምቢም አላልኩህም። ግን ቆጠርኩልህ። በዘፋኟ ዜማ ውስጥ ያንተ ድርሻ አራት ረጃጅም ድምፆች ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት ግን አራት አራት ምት ሠላሳ ሁለት ጊዜ በዝምታ መጠበቅ ነበረብህ። እኔ ኖታ አላውቅም፤ መቁጠር ግን ሥራዬ ነው። ለሁለት ሳምንት ከሥራ ስትመለስ ጠረጴዛውን በማስተማሪያ ዘንጌ እየመታሁ እቆጥርልሃለሁ፤ አንዲት ምት ቀድመህ ከገባህ ከአንድ አስጀምርሃለሁ።

«አንቺ ሴት፣ ምሕረት የሚባል አልፈጠረብሽም?» ትለኝ ነበር እየሳቅህ።

«ምሕረት ከሠላሳ ሁለት በኋላ» እልህ ነበር።

የእኛ ሰው ለመስማት የጣሊያኖቹ አዳራሽ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ «ግቢው ውስጥ፣ በቀኝ በኩል ካለው መስኮት ሥር ቁሚ፤ ከዚያ ይሰማል» አልከኝ። እመጣለሁ አልኩህ።

እሑዱ ሲደርስ ወጥቼም ነበር፣ ወልዴ። ይህን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። ልጅቷን ለጎረቤት ሰጥቼ፣ ነጩን ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። ከወንዙ ሳልደርስ እማማ ብርቄን አገኘኋቸው። ልጃቸው በየካቲት ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም፤ ከዚያ ወዲህ ጥቁራቸውን አላወለቁም።

«ወዴት ነው እንዲህ ፀዓዳ ለብሰሽ?» አሉኝ።

«ዘመድ ልጠይቅ ነው፣ እማማ።»

«ባልሽም መለከቱን ተሸክሞ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። የምትጠይቁት ዘመድ አንድ ነው መሰለኝ።»

ይህን ብለው አለፉ። እሳቸውን አልወቅስም። መንገዱ ላይ ጥቂት ቆምኩና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ነጠላዬን አጥፌ አስቀምጬ ሽንኩርት ስልጥ ዋልኩ።

ፀሐይ ሳትገባ መጣህ። ኮትህን ሳታወልቅ «መጥተሽ ነበር?» አልከኝ።

ያን ጊዜ አልመጣሁም ብል ኖሮ! ተማሪ ሲዋሽ ዝርዝር እንደሚያበዛ ከማንም በላይ አውቅ ነበር፤ እኔም አበዛሁ። ከመስኮቱ ሥር ቆሜ ነበር አልኩህ። ሠላሳ ሁለቱን በጣቴ ቆጥሬ በትክክል ገባህ አልኩህ። ይህም አልበቃኝ ብሎ፣ እውነት እንዲመስል፣ «ሦስተኛው ድምፅ ላይ ብቻ ትንሽ ተንቀጠቀጥክ» ብዬ ጨመርኩበት።

ትክ ብለህ አየኸኝ። «ሦስተኛው ላይ?» አልክ።

«አዎ፣ ትንሽ።»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ ልክ ነው» ብለህ እጅህን ልትታጠብ ሄድክ። እራትህን በልተህ ልጅቷን አቀፍካት። ኮርኖውን ከዚያ ቀን በኋላ አልነካኸውም። የልብህ ደርሶ ነው ብዬ አሰብኩ። በሦስተኛው ወር ተስቦ ወሰደህ።

አሁን ሙሴ ሃጎፕ ያለኝን ልጻፍ። ለካ ያን ቀን አልተጫወትክም። ልትገቡ ስትሉ በሩ ላይ የቆመ አንድ የጣሊያን ሹም አየህና «ይሄ ጥቁር ከዘፋኟ ኋላ አይቀመጥም» አለ። እንግዳው መሪ ሰዓቱን አይቶ ትከሻውን ነቀነቀ። ወደ ግቢው አስወጡህ፤ በአንድ ኮርኖ ጎዶሎ ተጫወቱ። የሙሴ ሃጎፕ ወንበር በቀኙ መስኮት አጠገብ ነበር።

«ኮርኖውን ኮቱ ሥር ይዞ እስከ መጨረሻው ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ነበር» አለኝ። «ሰው የሚጠብቅ ይመስል በሩን በሩን ያያል። ሴትዮዋ መዝፈን ስትጀምር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ እየቆጠረ ነበር። አልነገረሽም እንዴ?»

«ነግሮኛል» አልኩት። አየህ፣ ለዓመታት ልጆችን ዋሻችሁ ብዬ የቀጣሁ ሴት ጡረታ ከወጣሁም በኋላ አልተውኩም።

ስለዚህ ያን ቀን እቤት ስትገባ እኔ እዚያ እንዳልነበርኩ ታውቅ ነበር። ቆሜበት ነበር ባልኩህ ቦታ የቆምከው አንተ ነህ። ልታሳፍረኝ ስላልፈለግህ ዝም አልክ፤ ወይም እንዳባረሩህ ብትነግረኝ ሐፍረቱ ይደገምብኛል ብለህ ፈራህ። የትኛው እንደሆነ አላውቅም፤ የማውቅበትም መንገድ የለም። እኔ አልመጣሁም ብል አንተም አልተጫወትኩም ትለኝ ነበር። ያቺን ምሽት አንድ ላይ ቁጭ ብለን እናለቅስ ነበር። እኔ ግን እርማት ሰጥቼህ ብቻህን እጅህን ልትታጠብ ሰደድኩህ። ሙሴ ሃጎፕ ከነገረኝ ሁሉ የሚከብደኝ ሹሙ ያደረገህ አይደለም፤ ይሄ ነው።

ለዘነበች ትናንት ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። «እማዬ፣ አንቺ? ሦስተኛው ድምፅ ተንቀጠቀጠ እያልሽ አይደል እንዴ ያሳደግሽኝ?» አለችኝ። ቀጥሎ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እዚያ ግቢ ውስጥ ስንት ሰዓት ያህል እንደቆምክ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ይህን ቃል ለልጄ ስናገር የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለልጃችንም፣ ለተማሪዎቼም፣ ለጎረቤትም ስለ እሱ ያወራሁት ሰው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ የነፋ ሰው ነበር። እሱን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ከእንግዲህ ሰው ስላንተ ሲጠይቀኝ፣ በር ላይ መልሰውታል፣ ሆኖም እስከ መጨረሻው ቆሞ ጠብቆኛል፣ እኔ ግን አልሄድኩም እላለሁ። በቀረኝ ዕድሜ የማስታውሰው ይህን ሰው ነው፤ ባሌ እሱ ነበርና።

ባለቤትህ
አስካለ