የልጅ ልጄ ሳይመረመር ወደ ቤቴ እንዳይለቀቅ

ለከተማው ፍርድ ቤት
የወንጀል ችሎት

ቀን፦ ረቡዕ፣ የወሩ 14ኛ ቀን

ጉዳዩ፦ የዳቦ መኪና ሹፌር በመደብደብ ለታሰረው የልጅ ልጄ የገባሁት ዋስትና እንዲነሣልኝና፣ ከመለቀቁ በፊት ሐኪም እንዲያየው ስለመጠየቅ

1. ከሁሉ አስቀድሜ ለተከበረው ችሎት አንድ ታላቅ ዜና አበሥራለሁ። አርባ አንድ ዓመት ከመስኮቱ ሥር ንቅንቅ ሳትል ያገለገለችው የልብስ ስፌት መኪናዬ ከትናንት ጀምሮ ወደ በሩ ጀርባ ተዛውራለች። ዝውውሩ የደረጃ ዕድገት የለውም፤ አበልም አልታሰበላትም። እዚያ ጨለማ ውስጥ መርፌ ላይ ክር መሰካት እንኳ አልችልም። የተዛወረችው ከባድ ብረት ስለሆነች ብቻ ነው። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው።

2. እኔ አመልካች የሰባ ስምንት ዓመት ልብስ ሰፊ ነኝ። እናቱ፣ ማለትም ልጄ፣ ካረፈች ወዲህ ይህን ልጅ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አሁን ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ በአንድ ክሊኒክ በር ላይ ጥበቃ ነው። ከሲታ ነበር። የእኔ አፍ ደግሞ አያርፍም፤ "ክብሪት" እያልኩ እጠራው ነበር። ንፋስ ሲነሣ ኪስህ ውስጥ ድንጋይ ክተት እለዋለሁ። ጎረቤት ይስቃል፣ እሱም ይስቃል። የሚስቅ ይመስለኝ ነበር ብል ይሻላል።

3. ጂም መመላለስ ከጀመረ ወዲህ ያለውን ለውጥ የሚያሳየው የልኬት ደብተሬ ነው፤ ቅጂው ተያይዟል። የደንብ ልብሱን መጀመሪያ ስሰፋለት አንገቱ ሠላሳ ስድስት፣ ክንዱ ሃያ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ነበር። በሰባት ወር ውስጥ አንገቱ አርባ ሁለት፣ ክንዱ አርባ ገባ። ሦስት ጊዜ ስፌቱን ፈትቼ አሰፋሁለት፤ ለመልቀቂያ የተውኩት ትርፍ ጨርቅ ሁሉ አለቀ። ሃምሳ ዓመት ሰው ስለካ ሆድ ሲያረግዝ ብዙ አይቻለሁ፣ ክንድ ሲያረግዝ ግን ያየሁት ያኔ ነው። እንዲህ መሆኑን እያየሁ ምን ወስደህ ነው ብዬ መጠየቅ ሲገባኝ ኮራሁ። ስሙንም "ቁምሳጥን" ብዬ ቀየርኩለት።

4. ከዚያ ጠባዩ ተለወጠ። ጀርባው በብጉር ተሞላ፣ እንቅልፍ አጣ፣ ሰው ሲያወራ ስለ እሱ የሚያወራ ይመስለው ጀመር። ራዲዮኑን ቀንስ ብሎኝ ገና እጄን ስዘረጋ አንሥቶ ከግድግዳ ጋር አላተመው። አንድ ቀን የደንብ ልብሱን ኪስ ልጠግን ብዬ ትንሽ ጠርሙስና መርፌ አገኘሁ። ሁለት ቤት አልፋ ለምትኖር ፋርማሲስት ወስጄ አሳየኋት። ስቴሮይድ የሚሉት መሆኑን፣ ጡንቻ ለማሳበጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንደሚወጉት ነገረችኝ። "አባባ፣ ይህን የወሰደ ሁሉ ሰው አይደበድብም" አለችኝ። "አንዳንዱ ላይ ግን ቁጣውን ያገነፍለዋል። በድንገት ሲያቆሙትም ከባድ ድብርት ላይ ይጥላል፤ ሐኪም ሊከታተለው ይገባል።"

5. እኔ ሞኙ ነገሩን በቀልድ ላዋዛው ብዬ፣ ቁምሳጥን ሲከፈት ውስጡ ያለው ይታያል አልኩት። ጠርሙሱንም አወጣሁ። ቀልዱን ሳልጨርስ በኮሌታዬ አነሣኝ፤ እግሬ ከመሬት ለቀቀ። ጨርቅ በምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ወረወረኝና ሁለት የጎን አጥንቴ ተሰነጠቀ። የሐኪም ወረቀት ተያይዟል። መምታቱ አልነበረም ያስፈራኝ፤ እያየኝ አለማየቱ ነው። አልከሰስኩትም። የገዛ ልጁን ከስሶ ሰው የት ይገባል? በስምንተኛው ቀን ግን የዳቦ መኪና ሹፌሩ የክሊኒኩ በር እንዲከፈትለት ሁለቴ ጥሩምባ በመንፋቱ ብቻ ጎትቶ አውርዶ መንጋጋውን ሰበረው። እኔ ቀድሜ ተናግሬ ቢሆን ያ ሰው ዛሬ ምግቡን ያኝክ ነበር።

6. ሰኞ ዕለት ችሎቱ ዋስ የሚሆነው አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ እጄን አወጣሁ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ስለነበር አፍሬ ነው እንጂ፣ የአህያ ባል ከጅብ እንደማያስጥል አላጣሁትም። ዓርብ ጠዋት ይለቀቃል፤ የተመዘገበለት አድራሻ የእኔ ቤት ነው። ትናንት ጣቢያ ሄጄ ስጠይቀው፣ እንደ ልጅነቱ እጄን ይዞ አለቀሰ፤ በድያለሁ አባባ አለኝ።

7. ጥፋቱ የመርፌው ነው ወይስ የልጁ? እኔ አላውቅም። ጠርሙስ ብቻውን ሄዶ የሰው መንጋጋ አይሰብርም፤ ጡጫው የእሱ ነው፣ ይጠየቅበት። ነገር ግን ደሙ ሳይመረመር፣ ውስጡ ምን እንዳለ ሳይታወቅ ወደ አንዲት ክፍል ቤት መላክ ለእሱም ለእኔም ፍርድ አይሆንም። ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ. ዋስትናዬ ተነሥቶ፣ ሐኪም ሳያየውና ሕክምና ሳይጀመርለት ወደ ቤቴ እንዳይለቀቅ፤

ለ. ልጁ በሚመላለስበት ጂም መድኃኒቱን ለወጣቶች ይሸጣል እየተባለ በሰፈሩ የሚወራበት አሠልጣኝ ጉዳይ በፖሊስ እንዲጣራ፤

ሐ. በተራ ቁጥር 4 የጠቀስኳት ፋርማሲስት ማንነት ለተከሳሹ እንዳይገለጥ ነው።

"ከላይ ያቀረብኩት ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ" ብዬ ልፈርም ስል እጄ እምቢ አለኝ። ስለ ለቅሶው የጻፍኩት ፈጠራ ነው። ችሎቱ ጨርሶ ክፉ አድርጎ እንዳያየው ብዬ ነው። አላለቀሰም። አፉን ወደ ጣቢያው የብረት ፍርግርግ አስጠግቶ፣ ረጋ ብሎ፣ "አባባ፣ ጠርሙሱን ለማን ነው ያሳየኸው?" አለኝ።

ለማንም አልኩት።

"ግድ የለም" አለኝ። "ዓርብ ትነግረኛለህ።"

ከሰላምታና ከማልደብቀው ፍርሃት ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፦ ልብስ ሰፊው፣ የተከሳሹ አያትና ዋስ