ሁለቴ የፈላ ውሃ

ለምናፍቅሽም ለምቀናብሽም ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? አክስታችንስ ደህና ናት? እኛ ትንሿ እህታችን ከተለየችን ወዲህ መሆን የሚቻለውን ያህል ደህና ነን።

«ከቧንቧው ቀድቼ እየጠጣሁ ነው የምጽፍልህ» ካልሽው መስመር ስደርስ ደብዳቤሽን አጥፌ አስቀመጥኩት። ከአዲሱ ጫማሽ ይልቅ ያ ብርጭቆ አስቀናኝ። አክስታችን ያኔ በአንቺ ፈንታ ትንሿን ብትወስዳት ኖሮ እላለሁ። ቆይቼ ደግሞ እኔን ብትወስደኝ ኖሮ እላለሁ፤ ከዚያ አፍራለሁ።

የባትሪ ፋብሪካው ዝቃጩን ከጉድጓዳችን አጠገብ መድፋቱን አልተወም። እማዬ አሁን ውሃውን ሁለቴ ታፈላዋለች፣ ግማሹ እስኪተን። የሳይንስ አስተማሪያችንን ጠየቅኳቸው። «ዝቃጩ ውስጥ ያለው እርሳስ ብረት ነው ልጄ፤ እሳት አይገድለውም። ውሃው ሲተን እሱ እዚያው ይቀራል» አሉኝ። እማዬ ለትንሿም ያመማት ጊዜ እንዲሁ ነበር የምታፈላላት። ስለዚህ አልነገርኳትም፤ አንቺም አደራ፣ እንዳትነግሪያት።

ጽሕፈቴን አይተሽ እንዳትስቂ፤ ብዕሩ ከጣቴ እያመለጠ አስቸገረኝ። ማንኪያ ከትንሿ እህታችን እጅ በወደቀ ቁጥር ስስቅባት የነበረው ትዝ ይለኛል። ሆዴንም ይቆርጠኛል፤ ፈተና ስለደረሰ ይሆናል።

ትናንት እማዬ ብርጭቆውን ይዛ ፊቴ ቆመች።

«ጠጣ እንጂ! ምን ያስፈጥጥሃል? ስኳር ልጨምርልህ ጌታው?» ብላ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች።

እሷ እየሳቀች እንዴት እምቢ ልበላት? ጨለጥኩላት።

እስቲ አክስታችንን ጠይቂልኝ፤ ወለሉ ላይ አንዲት ፍራሽ የምትዘረጋበት ቦታ አይጠፋም ይሆን?

በያለንበት ሰላሙን ያብዛልን።

መልስሽን በየቀኑ የሚጠብቅ ወንድምሽ