የወለሉን መስመር ያስነሳሁት እኔ ነኝ

ለሥዕል ጋለሪው ዋና ሥራ አስኪያጅ
ቀን፦ ኅዳር 9

ጉዳዩ፦ በእኔ ጥፋት ከሥራ የተሰናበቱ ጠባቂ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች የጋለሪውን የውስጥ እድሳት የሠራሁ ዲዛይነር ነኝ። ቀድሞ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቀለም ነበረው፤ ጎብኚ «ከሰማያዊው ቀጥሎ አረንጓዴው» እያለ፣ በወለሉ ቢጫ መስመር እየተመራ ይወጣ ነበር። እኔ መስመሩን አስነሳሁ፤ ሰባቱንም ክፍሎች ነጭ አስቀባሁ። ዓይን ከሥዕሉ በቀር ማረፊያ አይኑረው ብዬ ነው።

2. አምስተኛውን ክፍል ለአሥራ አንድ ዓመት የጠበቁት እናት ቀለሙ ሳይደርቅ፣ «ልጄ፣ አሳምረኸዋል። ግን ሰው በየት ይውጣ?» አሉኝ። «እማማ፣ ሰው ዓይን አለው!» ብዬ ሳቅሁ። ቀለም ቀቢዎቹም አጀቡኝ። ጥያቄያቸውን በሪፖርቴ አላሰፈርኩም።

3. ባለፈው ወር አንድ ጡረተኛ መምህር በሰባተኛው ክፍል የተሰቀለውን የልጃቸውን ሥዕል ሊያዩ መጡ። ሦስት ጊዜ ዞረው ዞረው አምስተኛው ክፍል ተመለሱ። በአራተኛው ዙር ላብ አጥምቋቸው ግድግዳ ተደገፉ። ጠባቂዋ ክንዳቸውን ይዘው ሥዕሉ ፊት አደረሷቸው። ሲመለሱ ግን በክፍላቸው ያለ አንድ ሥዕል በጎብኚ ቦርሳ ተጭሮ ቆያቸው። «የሥራ ቦታን ያለፈቃድ በመልቀቅ» ተብለው ተሰናበቱ።

4. አጣሪ ኮሚቴው የክፍሎቹ አሠራር ጎብኚ ያደናግር እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ «አያደናግርም» ብዬ መሰከርኩ። ዋሽቻለሁ። እድሳቱ ባለቀ ሳምንት እኔው ራሴ መውጫው ጠፍቶኝ በዕቃ ግምጃ ቤቱ በኩል ነው የወጣሁት።

እሑድ ጠባቂዋን ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። አፌን ሳልከፍት፣ «ስንት የደከምክበትን ቤት ስም አስጠፋሁብህ፤ ይቅር በለኝ ልጄ» አሉኝ። እኔም፣ አፈር ልብላና፣ «ግድ የለም እማማ» ብያቸው ወጣሁ።

ስለዚህ የሰጠሁት ምስክርነት ውድቅ ሆኖ ጠባቂዋ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ፣ ቅጣቱም በእኔ ላይ እንዲወሰን፣ ክፍሎቹንም ሰው በማይጠፋባቸው መልክ ያለክፍያ እንዳስተካክል እንዲፈቀድልኝ ክቡርነትዎን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ይህን ማመልከቻ ከማስገባቴ በፊት ዛሬ ጠዋት ለጠባቂዋ ቤታቸው ሄጄ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ ተነሥተው በሩን ከፈቱልኝና፣ «በደህና ይግቡ» አሉኝ። አንቱ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

ውሳኔዎን በአክብሮት ከሚጠባበቅ ጥፋተኛ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የእድሳቱ ዲዛይነር