አፍ ያወጣው ግንብ

ለምወድሽም ለምፈራሽም ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል እታለም? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ደረጃ ስትወጪ ዛሬም እየረገምሽው ነው ወይስ ታረቃችሁ? እማዬስ ዓይኗ ተሻላት? መነጽሯን ትራስ ሥር እየደበቀች «ጠፋብኝ» ማለቷን ትታለች? እኔ ከደም ግፊቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ሰሞኑን ቀንሷል። ለምን እንደቀነሰ ስነግርሽ ስለምትስቂብኝ ከወዲሁ ወንበር ሳቢ።

አምና የጻፍኩልሽን ደንብ መቼም አትረሽውም። የከተማው ምክር ቤት ከየካፒታል ፕሮጀክቱ፣ መንገድም ሆነ ድልድይ ወይም የውሃ መስመር፣ ከመቶ አንዱ ለሥነ ጥበብ ይዋል ብሎ ወስኖ ነበር። ቱቦ መቅበሪያ አጥተን ሐውልት እናቁም ወይ ብዬ በስብሰባው ላይ ቱግ አልኩ። ተቃውሞ ብለው እጅ ሲያስወጡ የወጣው የእኔ እጅ ብቻ ነበር። አንቺም «አመልህን በጉያህ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ጉያዬ ግን ጠባብ ነው፤ ምን ላድርግ?

ዘንድሮ ከታች ሰፈር በላይ ያለውን ዳገት የሚደግፍ ግንብ ሠራን። ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃው በሰዎቹ ጓዳ ይገባ ስለነበር ንድፉን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ግንቡ ሲጋመስ ኃላፊያችን ሰበሰበንና የግንቡን የጥበብ ድርሻ ወደዚህ አምጥተን በቢሮው በር ላይ ፏፏቴ እንሥራበት፣ ታች ሰፈር ማን ያየዋል አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የጥበብ ጠላት መሆኔ የታወቀ ስለሆነ አንገቴን እንደምነቀንቅ እርግጠኞች ነበሩ።

ደሜ ፈላ። መጥፎ ደንብም ቢሆን ደንብ ነው፤ የማይወዱትን ይሽሩታል እንጂ አያጣምሙትም። ደንቡን አወጣሁና «ሥራው በተሠራበት ቦታ» የሚለውን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩላቸው። የሒሳብ ሹሙ ጎረቤቱን «ደግሞ ይሄ ሰውዬ የሥዕል ጠበቃ ሆነ?» ሲለው ሰማሁ። ኃላፊው ጥርሱን ነክሶ ፈገግ አለና እንግዲያው እርስዎ ይምሩት፣ የበጀት ዓመቱ ሳይዘጋ በፊርማዎ ካልተረከቡት ግን ገንዘቡ ለፏፏቴው ነው አለኝ።

ታች ሰፈሮች ከተወዳደሩት መካከል አንዲት ሸክላ ሠሪ መረጡ። አጭር ናት፤ ሳቋ ግን ከወንዝ ማዶ ይሰማል። የመጀመሪያ ንድፏ ግንቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሸክላ ያለብሰዋል። እኔም ጮኽኩባት። ግንቡ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ከኋላ የታቆረውን ውሃ ማውጫ ናቸው፣ ከደፈንሻቸው ግንቡ ከነጌጡ ሰው ላይ ይናዳል አልኳት። እርሳሷን እያኘከች አዳመጠችኝና «ውይ ጋሼ፣ ታዲያ መተንፈስ ካለበት አፍ ይኑረዋ!» አለች። ለየቀዳዳው ፊት ሠራችለት፦ የሚያዛጋ፣ የሚዘፍን፣ የሚያፏጭ፣ ጥርስ አልባ ሽማግሌ። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ወደድኳቸው። አፋቸውን እየለካሁ የጠበበውን ስመልስባት «አቶ ሚሊሜትር» የሚል ስም አወጣችልኝ።

የመወጣጫው እንጨት ሲነሣ ግን መሃል ላይ እኔ ያልለካሁት አንድ ፊት ብቅ አለ። ግንባሩ ተቋጥሯል፣ የአንገቱ ሥር ተገትሯል፣ አፉ ለጩኸት ተከፍቷል። ባለቤቴ አንድ ጊዜ አየችውና ሳቋ አላስቆም ብሏት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሸክላ ሠሪዋን ባፋጥጣት «እርስዎ ነዎት ያለ ማን ነው? በከተማው ያለው ቁጡ አንድ ብቻ ነው እንዴ?» ብላኝ እርፍ።

ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አጣሁ። አልፈርምም ብዬ ቆረጥኩ። ኃላፊው ወሬው ደርሶት ኖሮ በማግሥቱ ቢሮዬ ድረስ መጣ። ድምፁ ማር ሆኗል። የመሐንዲስ ክብር መነካት የለበትም፣ ባይፈርሙ ማንም አይፈርድብዎትም አለኝ። ያን ጊዜ ፏፏቴው ዓይኖቹ ውስጥ ሲፈስ አየሁት። ብፈርም የከተማ መሳቂያ ልሆን ነው፤ ባልፈርም የታች ሰፈርን ድርሻ በገዛ እጄ ለእሱ በር ማስጌጫ ልሰጥ ነው።

በጀቱ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ዝናቡ ወረደ። ግንቡ ውሃ ማስወጣቱን ለማየት ጃንጥላዬን ይዤ ከባለቤቴ ጋር ሄድኩ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቷል። ፊቶቹ ሁሉ በየአፋቸው ውሃ ይተፋሉ፤ የእኔው ብቻ ደረቅ ነው። ባለሱቋ «ቂም ይዞ ነው፣ ተዉት!» አለች። ጫማ ሰፊው ደግሞ «እስቲ አንድ የሚያናድድ ነገር ንገሩትና አፉን ይክፈት» ብሎ ሰዉን በሳቅ ገደለው።

ታውቂኛለሽ እታለም፤ ቀልዱ ቀልድ ነው፣ የተደፈነ ቀዳዳ ግን የተደፈነ ነው፤ ከኋላው ውሃ ይጠራቀማል። መሰላልና ብረት ተዋስኩና ወጥቼ በገዛ ጉሮሮዬ ክንዴን ሰደድኩ። ግንበኛው የረሳው የሲሚንቶ ጓል ነበር። ብጎተጉተው ተፈናጥሮ ወጣ፤ የታፈነው ጭቃ ውሃም ተከትሎት ከነልብሴ አጠመቀኝ። ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ። መሰላሉ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅሁ። ሸክላ ሠሪዋ ከሥር መሰላሉን ይዛ «አሁንስ ቁርጥ አንድ ሆናችሁ!» እያለች ትጮሃለች።

ልብሴን ሳልቀይር ቢሮ ገባሁና ወረቀቱን ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ፈረምኩ። እጅጌዬ ምንጣፉ ላይ ሲንጠባጠብ ዓይኑን አፈጠጠ። «ፏፏቴ ይፈልጉ አልነበር?» አልኩት።

ሐሳቤን የለወጥኩ እንዳይመስልሽ። ከመቶ አንድ ዛሬም ይበዛል እላለሁ፣ በሚቀጥለው ስብሰባም እጄን አወጣለሁ። ያንን ፊት እነካለሁ የሚል ካለ ግን መጀመሪያ ከእኔ ጋር ይተያያል።

አማቼን አደራ፣ በጀርባው ሕመም ዕቃ አይሸከም። ትልቋ ልጅሽ ለፈተናዋ ትበርታ፤ ትንሿ የላከችልኝ ሥዕል ቢሮዬ ተለጥፏል። ጎረቤትሽን ባለመድኃኒት ቤቱን ሰላም በይልኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝና ልጅሽ ሰው መሃል ሲስቅ ዋለ በያት። አታምንሽም። ባለቤቴ ያነሣችው ፎቶግራፍ ፖስታው ውስጥ አለ፤ መነጽሯን አድርገሽላት አሳዪያት። ጭቃ የለበሰው እኔ ነኝ፤ ንጹሑ ሸክላው ነው።

ታናሽ ወንድምሽ
ከማዘጋጃ ቤቱ ጓሮ፣ ከመሐንዲሶች ክፍል
ሐምሌ 2 ቀን